ሙሽራይቱ የምትሰናዳበት ቤት፤ ከባሌ ደጋ የሠርግ ታሪክ

ስለ ሠርግ የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከዳሱ ነው። የድግሱ ስፋት፣ የዘፈኑ ዓይነት፣ የጥሎሹ ብዛት፣ የሚዜዎቹ አለባበስ ይተረካል። ሙሽራይቱ ከዳሱ ከመድረሷ በፊት ያሳለፈቻቸው ሰዓቶች ግን ከታሪክ አይቆጠሩም። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ገላዋን የታጠበችበት፣ ጠጉሯን የተሠራችበት፣ ቅባቷን ተቀብታ ልብሷን የለበሰችበት ስፍራ የት ነበር? ቤቱስ የማን ነበር? ወደዚያ ቤት መግባት የሚፈቀድለት፣ ከደጅ የሚቀረውስ ማን ነበር? ከሁሉም በላይ ደግሞ ስፍራውን የመረጠው ማን ነው?

ጥያቄዎቹ ሲሰሙ ጥቃቅን ይመስላሉ። ሆኖም የአንድ ኅብረተሰብ የጋብቻ ሥርዐት ከአደባባዩ ይልቅ በጓዳው ይበልጥ ይታወቃል። በአደባባይ የሚታየው ቤተሰቡ ለሌላው ሊያሳይ የፈለገው ነው፤ በጓዳ የሚፈጸመው ግን የሥልጣኑን፣ የሀብቱንና የፈቃዱን እውነተኛ መልክ ያሳያል። በባሌ ደጋ፣ በተለይም በጎባና በሮቤ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉት የገብስና የስንዴ ማሳዎች መካከል፣ ሙሽራ የምትሰናዳበት ቤት በአንድ ምዕተ ዓመት ጊዜ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በዚህ ለውጥ ውስጥ የአካባቢው ሕዝብ ታሪክ አብሮ ተጽፎ ይገኛል።

ነገሩ የባሌ ብቻም አይደለም። በጥንታዊት ሮም ሙሽራ የምትለብሰው በአባቷ ቤት ሲሆን፣ ጠጉሯ በጦር ጫፍ እየተከፈለ በስድስት ጉንጉን ይሠራ ነበር። በቱርኮች ዘንድ የሰፈሩ ሴቶች ሙሽራዋን አጅበው ወደ ሕዝብ መታጠቢያ ቤት ይወስዷት ነበር። በአንዱ ዘንድ የአባት ሥልጣን፣ በሌላው ዘንድ የሴቶች ማኅበር ይጎላል። ስፍራው ራሱ ይናገራል ማለት ነው።

ምድጃው፣ ቅቤውና ሲንቄው

ሮቤ ወደ 2500 ሜትር በሚጠጋ፣ ጎባ ደግሞ ከ2700 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4000 ሜትር ከፍ ይላል፤ በዚያው ላይ የሚገኘው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4377 ሜትር ነው። ከዚህ ተራራ የሚወርደው የሌሊት ብርድ በታኅሣሥና በጥር ሣሩን አመዳይ ያለብሳል። የሠርግ ወራት ደግሞ ብዙውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው። የአካባቢው ገበሬ «ገና» እና «ቦና» የሚላቸው ሁለት የሰብል ወቅቶች አሉት። የቦናው እህል ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ለድግስ የሚሆነው እህልም፣ ለዘመድ ጥየቃ የሚሆነው ጊዜም ይገኛል።

ስለዚህ በገጠሩ ሙሽራ የምትሰናዳበት ስፍራ ምርጫ በቅድሚያ የእሳት ምርጫ ነበር። ውሃ የሚሞቀው፣ ቅቤ የሚቀልጠው፣ ገላዋን የታጠበች ልጅ ሳትንቀጠቀጥ የምትቀመጠው በእናቷ ምድጃ አጠገብ ነው። ቅቤ በዚያ ብርድ ከእሳት ሲርቅ ወዲያው ይረጋል፤ በጠጉርም ሆነ በገላ ላይ በወጉ አይሰርጽም። ስለዚህ የሴቶቹ ክበብ ምድጃውን ከብቦ ይቀመጣል። እናት፣ አክስት፣ ያገባች እኅትና ጎረቤት በየድርሻቸው ይሠራሉ፤ አንዷ ትጎነጉናለች፣ አንዷ ትቀባለች፣ አንዷ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። ወንዶቹ ከደጅ ሆነው ከብቱንና እንግዳውን ያስተናግዳሉ። በዚያች ዕለት፣ በዚያች ክፍል ውስጥ፣ የቤቱ አባወራ እንኳ ሲገባ ፈቃድ የሚጠይቅ እንግዳ ነው።

ይህ ክበብ ከማስዋብ ያለፈ ሥራ አለው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ፣ የባሌ ደጋ ነዋሪ አብዛኛው ክፍል ከዚሁ ወገን ነው፣ በወግ የተዳረች ልጅ በሠርጓ ዕለት ከእናቷ እጅ ሲንቄ ትቀበላለች። ሲንቄ ቀጥ ያለች ቀጭን በትር ናት። ለዱላ የምትሆን አይደለችም፤ የምታገባ ሴት መብትና ክብር መታወቂያ ናት። ባል ሚስቱን ያለ አግባብ ቢደበድብ፣ በተለይም አራስን ቢበድል፣ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ በዳዩም በሽማግሎች ፊት ካሣ ከፍሎ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ወገኖች ለጠብ ሲሰለፉም ሲንቄ የያዙ ሴቶች በመካከል ከቆሙ ጠበኞቹ ይመለሳሉ።

ከዚህ የሚታየው ግልጽ ነው። የእናት ቤት ለመሰናዶ የሚመረጠው ለምድጃው ሙቀት ብቻ አልነበረም፤ ልጅቱ ወደ ሌላ ቤት ከመሄዷ በፊት የመብቷን ምልክት የምትረከብበት ስፍራ በመሆኑም ጭምር ነው። ቅቤውና ሲንቄው በአንድ ቤት፣ በአንድ ማለዳ ይገናኛሉ። ልጅቱ ከዚያ ቤት ስትወጣ ተውባ ብቻ አትወጣም፤ ነገ ብትበደል ማን እንደሚቆምላት አውቃ ትወጣለች።

ሙሽራው በበኩሉ የሚሰናዳው በአባቱ ቤት፣ በእኩዮቹ መካከል ነው። የባሌ ደጋ የፈረስ አገር በመሆኑ የወንዱ መሰናዶ ግማሹ የፈረሱ መሰናዶ ነበር። ኮርቻው ይወለወላል፣ ልጓሙ ይጸዳል፣ ፈረሱ ያጌጣል። ሴቲቱ በምድጃ ዙሪያ፣ ወንዱ በበረት ዙሪያ ይሰናዱ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ከጦር ሰፈር ወደ ከተማ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ባሌ በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ በደጋው ላይ የጦር ሰፈሮች ተቆረቆሩ። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ የጦር ሰፈር ማለት እንደነበረ ይታወቃል። ጎባም በዚህ መንገድ አድጋ፣ ባሌ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሐረርጌ ተለይቶ ጠቅላይ ግዛት ሲሆን ዋና ከተማው ለመሆን በቃች። ከሰሜንና ከመሐል አገር የመጡ ወታደሮች፣ ካህናት፣ ጸሐፊዎችና ነጋዴዎች የየአገራቸውን የሠርግ ወግ ይዘው ገቡ።

በእነርሱ ቤት ሙሽራይቱ የምትሰናዳው በእልፍኙ ወይም በጓዳው ነው። ከሠርጉ ቀደም ብሎ እጅና እግሯ በእንሶስላ ይቀላል፣ ሹሩባ ትሠራለች፣ ዓይኗን ትኳላለች፣ የወይባ ጢስ ትሞቃለች፤ በዕለቱም ጥበቧን ለብሳ፣ ካባዋን ደርባ፣ ፊቷን ተሸፍና ትወጣለች። በሙስሊሙ ቤት ሂናው፣ ሽቶውና ዕጣኑ ይበልጥ ይጎላል። ወግ ከወግ ጋር በጉርብትና እየተዋዋሰ፣ አንዲት የጎባ ልጅ በአንድ እጇ እንሶስላ፣ በጠጉሯ የደጋው ቅቤ፣ በትከሻዋ የሸማ ልብስ ይዛ ብትታይ የሚገርም አልነበረም።

በብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ የመሰናዶው ክፍል ሌላም ትርጉም አለው። ኒካሕ የሚታሰረው በወኪሏና በሙሽራው መካከል ስለሆነ ልጅቱ በቦታው ላትገኝ ትችላለች። ስለዚህ ፈቃዷን የሚጠይቅ ሰው ከምስክር ጋር ወደተቀመጠችበት ክፍል ይመጣል፤ ቃሏም ከዚያ ይሰማል። ክፍሉ የማስዋቢያ ስፍራ መሆኑ ቀርቶ ለአንድ አፍታ የፍርድ አደባባይ ይሆናል ማለት ይቻላል። በዚያች ደቂቃ በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች እነማን እንደሆኑ፣ ደፍራ እንድትናገር የሚያበረቷት ይሁኑ ወይም ዝም እንድትል የሚቆነጥጧት፣ የቃሏን ዋጋ ይወስነዋል።

ይሁንና የከተማው እልፍኝና የገባሩ ጎጆ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። በነፍጠኛና በገባር ሥርዐት ውስጥ የባለርስቱ ሠርግ የገባሩም ሸክም ነበር። ማገዶው፣ ማሩ፣ እህሉና ጉልበቱ የሚመጣው ከገባሩ ነው። በእልፍኙ ምድጃ ላይ የሙሽራዋ ውሃ ሲሞቅ፣ እንጨቱን ከጫካ የተሸከመችው ሴት የራሷን ልጅ ለመዳር የሚበቃ እህል በጎተራዋ ላይኖራት ይችላል። በ1955 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ የዘለቀው፣ ዋቆ ጉቱ ከመሩት ሰዎች አንዱ የነበሩበት የባሌ ገበሬዎች ዓመፅ፣ በመሬት፣ በግብርና በአስተዳደር በደል ላይ የተነሣ ነበር። የገበሬው ምሬት ከቤቱ ምድጃ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም፤ ግብር የሚከፈለው ልጅ ከሚዳርበት ያው ጎተራ ነውና።

ቦታ ያልተሰጣት ሙሽራ

እስካሁን የተባለው ሁሉ በወግ የተዳረችውን ልጅ ይመለከታል። ከእርሷ ጎን ሌላ ሙሽራ አለች፤ እርሷም የተጠለፈችው ናት። ጠለፋ በኢትዮጵያ በብዙ አካባቢዎች፣ በአርሲና በባሌም ጭምር የቆየ ጎጂ ልማድ ነው። በኦሮምኛ «ቡቲ» ይባላል። ውሃ ልትቀዳ፣ እንጨት ልትለቅም ወይም ከትምህርት ቤት ልትመለስ በወጣችበት መንገድ ላይ ትያዛለች። ለእርሷ የሞቀ ውሃ የለም፤ የእናት ምድጃ የለም፤ የሚጎነጉኗት አክስቶች የሉም። ከእናቷ እጅ ሲንቄ የምትረከብበት ማለዳ ተነፍጓታል። የለበሰችው ልብስ የዕለት ሥራዋ ልብስ ነው።

የመሰናዶው ስፍራ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚታወቀው እንግዲህ በመታጣቱ ነው። ሽማግሌዎች ዘግይተው ቢላኩ፣ ካሣ ቢከፈል፣ ከብት ቢነዳ፣ ያ ማለዳ ተመልሶ አይመጣም። ሌሎች የሕይወቷን ስፍራ በመረጡላት ሴትና ከእናቷ ቤት በክብር በወጣች ሴት መካከል ያለውን ልዩነት ከማንም በላይ የሚያውቁት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው።

ሕጉም ለረጅም ጊዜ አልደረሰላትም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን የሚያስቀጣ ድርጊት ቢያደርገውም፣ ጠላፊው ልጅቱን ሕጋዊ በሆነ ጋብቻ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ትቶለት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ለጋብቻ የሚያበቃውን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አደረገው። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ በአጎራባቹ አርሲ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ራሷን ለመከላከል ጠላፊዋን ተኩሳ በመግደሏ ተከሰሰች። በኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች እርዳታ በነጻ ተለቀቀች። ጉዳዩ አገርን ያነጋገረ ሲሆን፣ በኋላም «ድፍረት» ለተሰኘው ፊልም መነሻ ሆነ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገ። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ጠላፊን በጋብቻ የሚያስመልጠውን ቀዳዳ ዘጋ። ሕግ ብቻውን ልማድን አያጠፋም፤ ሆኖም ልጅቱ የምትጠየቅበት፣ «እሺ» ወይም «እምቢ» የምትልበት ቤት ሊኖር እንደሚገባ በጽሑፍ አስፍሯል።

አዳራሹ፣ መንደሩና ድንኳኑ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት እንዲሆን ታወጀ። በጎባና በሮቤ እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ ብዙ ቤተሰብ በቀበሌ ቤት ተከራይ ሆነ። የቀበሌ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ ነው፤ ሙሽራ፣ ሚዜ፣ ደጋሽና እንግዳ በአንድ ጣሪያ ሥር አያስተናግድም። ስለዚህ ሠርጉ ወደ ውጭ ወጣ። የእድር ድንኳን በደጅ ተተከለ፤ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከእድር ወጣ፤ አቅም ያለውም በቀበሌ አዳራሽ ደገሰ። ግብዣው ሲወጣ መሰናዶው ደግሞ ወደ ጎረቤት ገባ። የሙሽራዋ እናት ቤቷን ለድግሱ ስትለቅ፣ ልጅቱ ባለ ሁለት ክፍል በሆነች ጎረቤት ቤት ትሰናዳ ጀመር። የጎረቤት ቤት የሙሽራ ቤት መሆኑ በከተማ ኑሮ ውስጥ ዝምድና ከደም ወደ ሰፈር የተሸጋገረበትን መንገድ ያሳያል።

በገጠሩ ለውጡ ከዚህ የከበደ ነበር። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. የተካሄደው የሶማሊያ ወረራ ባሌንም ጭምር ካናወጠ በኋላ፣ ተበታትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ በመንደር እንዲሰበሰብ ተደረገ። ባሌ ይህ የመንደር ማሰባሰብ በሰፊው ከተጀመረባቸው የአገሪቱ ክፍሎች ቀዳሚው ነበር። ቤቶቹ በመስመር ተሠሩ፤ ጎጆ ከጎጆ ተጎራበተ። ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለውሃ መቅረብ አንድ ነገር ነው፤ ነገር ግን አጥሩ፣ በረቱና ሰፊው ግቢ በሌለበት ሴቶቹ ተከልለው ልጃቸውን የሚያሰናዱበት ጓሮ ከወዴት ይገኛል? የእናት ምድጃ አብሮ ቢሄድም በዙሪያው የነበረው ቦታ አብሮ አልሄደም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥርዐቱ ሲላላ ከመንደሩ ወደ ቀድሞ ይዞታው የተመለሰው ገበሬ ጥቂት አልነበረም። በዚህ ውሳኔ ውስጥ ከመሬቱ ቅርበት ባሻገር የኑሮ ወጉ ድርሻ እንደነበረው መገመት አያዳግትም።

ከምድጃ ወደ ካስክ

የአስተዳደር መቀመጫ ከጎባ ወደ ሮቤ ከተዛወረና የመደወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ማብቂያ በሮቤ ከተከፈተ ወዲህ፣ የሁለቱ ከተሞች ሚዛን ተለውጧል። በመካከላቸው ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በስንዴ ማሳው ላይ ትራክተርና ኮምባይነር የተለመደ ሆኗል፤ በስንዴ ገንዘብ የሚደገስ ሠርግም በዝቷል። ሙሽራይቱ አሁን ከእናቷ ምድጃ ይልቅ በከተማው ፀጉር ቤት ትሰናዳለች። ቢጎዲኑ ይጠቀለላል፣ ካስኩ ይሞቃል፣ ሜካፑ ይቀባል፤ ቬሎው ከተከራየበት ሱቅ ይመጣል። አንዳንዱ ቤተሰብ የሆቴል ክፍል ይከራያል፤ ፎቶ አንሺውም ብርሃን ያለበትን መስኮት ይመርጣል። አዲስ አበባ በግዮን ሆቴል አጸድ የተለመደው የሙሽሮች ፎቶ ልማድ በባሌ ደጋም የራሱን ዛፍና ሜዳ አግኝቷል።

ይህን ለውጥ እንደ ባህል ጥፋት ብቻ ማየት ስሕተት ነው። ፀጉር ቤቱ የሴቶች ሥራና ገቢ ነው። ሙሽራይቱም ሰርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ የምትሰናዳበትን ቤት ራሷ ስትመርጥ፣ አያቷ ያልነበራትን ሥልጣን ታገኛለች። በሌላ በኩል ግን የጠፋ ነገር አለ። በፀጉር ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠች ሙሽራ በዙሪያዋ ያሉት ተራቸውን የሚጠብቁ ደንበኞች ናቸው። መብራት ቢጠፋ መሰናዶው ይቆማል። እናት ከበር ላይ ቆማ ሰዓት ትመለከታለች። ክፍያው ከፍ ሲል ደሃው ቤተሰብ ለአንድ ማለዳ ሲል ዕዳ ይገባል። ሲንቄዋን የሚያስረክቡ እናቶችም የሚያስረክቡበት ሰዓትና ስፍራ ይፈልጋሉ።

አስተዋይ ቤተሰቦች መፍትሔውን ከልማድ አግኝተውታል። ልጅቱ ጠጉሯን በፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ለመልበስና ምርቃት ለመቀበል ግን ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። በሮቤ ተሠርታ በጎባ የምትዳር ከሆነም የመንገዱን ሰዓት አስቀድማ ትቆጥራለች። በዚህ አሠራር አዲሱ ስፍራ ለውበቷ፣ አሮጌው ስፍራ ለክብሯ ያገለግላሉ።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ለመምህሩም፣ ለካድሬውም፣ ለሠዓሊውና ለቲያትር ጸሐፊውም አንድ ነው። በመድረክ ላይ የባሌን ሠርግ የሚያሳይ ሰው ፈረሱንና ዘፈኑን አይረሳም፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለውን ምድጃ ግን ይረሳል። ስለ ጎጂ ልማድ የሚያስተምር መምህርም ጠለፋ ክፉ ነው ከማለት አልፎ፣ የተጠለፈችው ልጅ ምን እንደተነጠቀች በስፍራና በዕቃ ሊያሳይ ይችላል፤ የሞቀ ውሃ፣ የቀለጠ ቅቤ፣ የእናት እጅ፣ ሲንቄ።

ምድጃው በካስክ፣ ጎጆው በሆቴል ክፍል ሊተካ ይችላል። በቤቱ ውስጥ ሊኖር የሚገባው ግን አልተለወጠም፤ ከልጅቱ ጋር የሚቆሙ ሴቶችና፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት ከአፏ የሚሰማ ቃል።